መሬት ሥር 344 ቀን፦ በጦርነት ዘመን ተደብቆ የተረፈን የአይሁድ ቤተሰብ ታሪክ በወሎ ክፍሎች ለማስተማር የሚረዳ መመሪያ

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በመርሳ፣ በወልድያና በአካባቢው በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ለሚያስተምሩ ወይም የንባብ ክበብ ለሚመሩ መምህራን ነው። ርእሰ ጉዳዩ ናዚ ጀርመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአውሮፓ አይሁድ ላይ ከፈጸመው ፍጅት አንዱን ክፍል ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ እሱም በምዕራብ ዩክሬን የነበረው የስተርመር ቤተሰብ ልጆቹንና አረጋውያኑን ይዞ ከገዳዮች ዓይን ተሰውሮ እንዴት ውሎ እንዳደረ ነው። 6 ሚሊዮን አይሁድ ተገደሉ ብሎ በሰሌዳ ላይ መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ተማሪውም ቁጥሩን ለፈተና ይይዘዋል፣ ፈተናው ሲያልፍም ይረሳዋል። ውኃ ከየት ተቀዳ፣ ዱቄቱ በምን ተፈጨ፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ምን ተደረገ የሚሉትን ጥያቄዎች ይዞ የገባ ተማሪ ግን ታሪኩን ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል።

በእኔ እምነት ይህ ትምህርት የሚቆመው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው። መደበቅ አንድ ቀን ተሰውሮ መቅረት ሳይሆን በየቀኑ የሚሠራ ከባድ ሥራ ነው፤ የሥራውም እኩሌታ የሚሠራው በተደበቁት እጅ ሳይሆን ውጭ በቀሩት ሰዎች እጅ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው አካሄድ ሁሉ ይህን ሐሳብ ተማሪው ራሱ እንዲደርስበት የሚረዳ ነው። አራት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። የአውሮፓ ካርታ፣ ጠመኔ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ወረቀት፣ ከተገኘም የአካባቢው አዛውንቶች የሚያውቁት የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ ቢኖር መልካም ነው።

ከሁሉ በፊት መደረግ የሌለበት

ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማርኩ ዕለት የክፍሉን መስኮት ዘግቼ፣ መብራቱን አጥፍቼ፣ ተማሪዎቼን ለአሥር ደቂቃ ያህል ያለ ምንም ድምፅ እንዲቀመጡ አዘዝኳቸው። የተደበቁት ሰዎች የተሰማቸው እንዲሰማቸው ማድረጌ ነበር። አምስተኛው ደቂቃ ሳይሞላ በኋለኛው ረድፍ የተቀመጠች ተማሪ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ እየሮጠች ወጣች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ባካለለበት ወቅት ከታናናሾቿ ጋር በአንዲት ጨለማ ክፍል ውስጥ ትንፋሿን ውጣ የሰነበተች ልጅ መሆኗን ያወቅኩት በማግስቱ ከእናቷ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ለተማሪዬ ላስተምራት የሞከርኩትን ነገር እሷ ከእኔ ይበልጥ ታውቀው ነበር።

ስለዚህ ክፍሉን አያጨልሙ፤ ተማሪን ተደባቂ፣ ወታደር ወይም ጠቋሚ አድርገው አያጫውቱ። ጨዋታው ለማያውቀው ልጅ ቀልድ፣ ለሚያውቀው ልጅ ደግሞ ቁስል ነው። ትምህርቱን ከመጀመርዎ ከሁለት ቀን በፊት ርእሱን ይንገሯቸው፤ መቀመጥ የማይፈልግ ተማሪ ምክንያቱን ሳይጠየቅ ወደ ቤተ መጻሕፍት እንዲሄድ ይፍቀዱለት። የሬሳ ክምር የሚያሳዩ ፎቶግራፎችንም ወደ ክፍል አያምጡ፤ ለዚህ ትምህርት አያስፈልጉም።

ቃሉን ማጥራት

የወሎ ተማሪ «አይሁድ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከሃይማኖቱ ነው። ክርስቲያኑ በሰሙነ ሕማማት ንባብ፣ ሙስሊሙ ደግሞ በነቢያት ታሪክ ሰምቶታል፤ አንዳንዱም ከጎንደርና ከአካባቢው ወደ እስራኤል የሄዱትን ቤተ እስራኤልን ያስታውሳል። ከዚህ የተነሳ ስለ ጥንት ሕዝብ ወይም ስለ ጥንት ጥፋት የሚወራ የሚመስለው ተማሪ ሊኖር ይችላል፤ «ምን አድርገው ነው?» ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። ጥያቄው ሲነሳ ጠያቂውን አይቆጡት። የምንነጋገርባቸው ሰዎች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አውሮፓ የኖሩ ሐኪሞች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ እህል ነጋዴዎችና የትምህርት ቤት ልጆች እንደነበሩ፣ ያገራቸውን ቋንቋ የሚናገሩና ያገራቸውን ግብር የሚከፍሉ እንደነበሩ በእርጋታ ያስረዱት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በወሎ ምድር ልዩ ክብደት አለው፤ «ለምን ሃይማኖታቸውን ቀይረው አልዳኑም?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ እንደ ሞኝ ጥያቄ አይለፉት፤ ልጁ የጠየቀው ከአያቶቹ ታሪክ ተነስቶ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። ብዙዎች ተሰደዱ፣ ሌሎችም በአደባባይ ተጠምቀው በቤታቸው ሶላታቸውን ሰገዱ፤ ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም የተባለውም ስለነዚህ ሰዎች ነው። እንግዲህ ልዩነቱን እዚህ ላይ ማሳየት ይቻላል። በቦሩ ሜዳ ዘመን የተጠየቀው እምነት ስለነበረ በእምነት ስም የሚገባበት በር ነበረ፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ናዚ ጀርመን ያወጣቸው የኑረምበርግ ሕጎች ግን አይሁዳዊነትን የቆጠሩት በአያቶች ነው። ሦስት ወይም አራት አይሁድ አያቶች ያሉት ሰው ቢጠመቅም፣ እምነት የሌለው ቢሆንም፣ በሕጉ ፊት አይሁዳዊ ነበር። የቀረው በር መሸሽ ወይም መደበቅ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፦ መረቡ እንዴት እንደተጠበበ

ማንም ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ቤተሰቡን ይዞ ዋሻ አይገባም። ተማሪው ይህን እንዲረዳ በሰሌዳው ላይ ደረጃ ይሳሉና ኋላ ከስተርመር ቤተሰብ ጋር የምናነጻጽረውን የሌላ አይሁዳዊ ቤተሰብ፣ የፍራንክን ቤተሰብ ታሪክ ከታች ወደ ላይ እየጻፉ ይውጡ። አባትየው ኦቶ ፍራንክ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ሠራዊት ውስጥ በመኮንንነት የተዋጋ ሰው ነበር። ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 እ.ኤ.አ. ሀገሩን ጥሎ ወደ ሆላንድ፣ ወደ አምስተርዳም ከተማ ሄደ፤ ባለቤቱ ኢዲትና ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ማርጎትና አን ተከተሉት። በሜይ 1940 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሆላንድን ወረረ። በ1941 አይሁድ ሁሉ እንዲመዘገቡ ታዘዘ፣ በመታወቂያቸውም ላይ የተለየ ፊደል ታተመ። ከዚያም መናፈሻው፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ትራሙ በየተራ ተከለከለ፤ በ1942 ጸደይ ቢጫ ኮከብ በልብስ ላይ መስፋት ግዴታ ሆነ። ኦቶ ወደ አሜሪካ ለመግባት ቪዛ ጠይቆ አልተሳካለትም።

በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቆም ብለው ተማሪዎቹን «እዚህ ላይ ብትሆኑ ትሄዱ ነበር? ወዴት? በምን ገንዘብ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱን ግን አያርሙ። በተለይ ምዝገባው ላይ ቢዘገዩ ደስ ይለኛል፤ ቅጹን የሞላው ሰው ሞቱን እንደሚሞላ አላወቀም ነበር፣ የሰነዱም ጥራት አሳዳጆቹን እጅግ ረድቷቸዋል። በሆላንድ ከነበሩት ወደ 140,000 ከሚጠጉ አይሁድ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ያለቁበት አንዱ ምክንያት ይህ የተስተካከለ መዝገብ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ ሀገር ነገር ለሚመስለው ተማሪ አንድ ማስረጃ ይጨምሩለት። ሀገራችንን የወረረው የፋሺስት ኢጣሊያ መንግሥት በ1937 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች በቅኝ ከያዛቸው ሀገሮች ሴቶች ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ በተከታዩ ዓመት በ1938 ደግሞ የገዛ ሀገሩን አይሁድ ልጆች ከትምህርት ቤት፣ መምህራኑንም ከሥራቸው የሚያባርር ሕግ አወጀ። አንድ መንግሥት፣ አንድ የዘር አስተሳሰብ ነው፤ መጀመሪያ የደረሰው በእኛ አያቶች ላይ ነው።

ክፍለ ጊዜውን በጁላይ 1942 ይዝጉት። ጁላይ 5 ቀን የ16 ዓመቷ ማርጎት ወደ ሥራ ካምፕ እንድትሄድ የሚያዝ ደብዳቤ ደረሳት። በማግስቱ፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 29 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ቤተሰቡ ሻንጣ ይዞ ቢታይ ጥርጣሬ ስለሚያስከትል ልብስ በልብስ ላይ ደርቦ በእግሩ ወደ ኦቶ መሥሪያ ቤት ሄደ፤ ከኋላው ያለው የተዘጋጀ ክፍልም ዋጣቸው።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፦ ዋሻው

አሁን ካርታውን ወደ ምሥራቅ ይግፉት። ኮሮሎቭካ ዛሬ በምዕራብ ዩክሬን የምትገኝ መንደር ናት፤ እስከ 1939 እ.ኤ.አ. በፖላንድ ሥር ነበረች፣ ከዚያ ሶቭየት ኅብረት ያዛት፣ በ1941 ጀርመኖች ገቡባት። በዚያ ትኖር የነበረች ኤስተር ስተርመር የተባለች እናት አይሁድ ሁሉ ወደ ታጠረ ሰፈር ይሰብሰቡ የሚለውን ትእዛዝ አልቀበልም አለች፤ በኦክቶበር 1942 ከባሏ፣ ከልጆቿና ከዘመዶቿ ጋር ቨርቴባ ወደተባለ ዋሻ ገባች። ቨርቴባ ክፉ መጠለያ ነበር። አየሩ ታፍኖ የማብሰያው ጭስ ዓይን ያቃጥል ነበር፤ ውኃውም ከግድግዳ የሚንጠባጠብ ብቻ ነበር። በ1943 ጸደይ ጌስታፖ የተባለው የናዚ ምሥጢራዊ ፖሊስ ደረሰባቸው፤ የተያዙ ተያዙ፣ ሌሎቹ ቀድመው በቆፈሩት ሌላ መውጫ አመለጡ።

ከዚያ በኋላ ነው ታሪኩ ወደ ዋናው ቦታ የሚደርሰው። ሜይ 5 ቀን 1943 ወደ ሁለተኛው ዋሻ ወረዱ። ይህን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር እንዲመልሱት ለተማሪዎቹ ይስጧቸው፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1935 ዓ.ም. ሆኖ ሲያገኙት ክፍሉ ጸጥ ሲል አይቻለሁ፤ አዲስ አበባ የድል በዓሏን ሁለተኛ ዓመት በምታከብርበት ዕለት ይህ ቤተሰብ መሬት ሥር እየገባ ነበር።

የወሎ ልጅ ዋሻ ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣው ይምርሐነ ክርስቶስ ያለበት ዓይነት አፉ ሰፊ፣ ቀን ብርሃን የሚገባበት፣ ሰው ቆሞ የሚሄድበት ስፍራ ነው። ኦዜርና የሚባለው ዋሻ እንዲህ አይደለም። መግቢያው በአንድ ቄስ ማሳ ላይ የነበረ የሞተ እንስሳ የሚጣልበት ጉድጓድ ስለነበረ ሕዝቡ የቄሱ ጉድጓድ ይለው ነበር። ወደ ውስጥ የሚገባው በጭቃ ውስጥ በደረት ተሳቦ ነው። ድንጋዩ ጀሶ ነው፤ ውስጡ እርስ በርሱ የተጠላለፈ፣ ዛሬ ተለክቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መተላለፊያ ነው። ብርድ ነው፣ እርጥበት ነው፣ ፍጹም ጨለማ ነው። ነገር ግን አየር ይዘዋወርበታል፣ ከውስጡም የከርሰ ምድር ኩሬ አለው። ቨርቴባ የጎደለው ሁለቱ ነገሮች እዚህ ተገኙ፤ 38 ሰዎችም፣ ከሕፃን እስከ አያት፣ በዚህ ውስጥ ኖሩ።

ታሪኩን በጊዜ ቅደም ተከተል ከመተረክ ይልቅ በነገሮቹ ይተርኩት፤ ውኃ፣ ብርሃን፣ እህል፣ ማገዶ፣ እንቅልፍ። ስለ ውኃው ኩሬውን ነግረናል። ብርሃኑ በቀን ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ ለማብሰልና ለሥራ የሚበራ መብራት ነበር፤ ነዳጁ የሚገኘው በሕይወት ተወራርዶ ስለሆነ ይቆጠባል። ማገዶውን፣ ድንቹንና እህሉን ወንዶቹ ሌሊት እየወጡ ያመጡ ነበር፤ አንዳንዱን ገዝተው፣ አንዳንዱን ከማሳ ወስደው። ሴቶቹና ልጆቹ ግን ከገቡ በኋላ ከዚያ አልወጡም ማለት ይቻላል። እንቅልፉ ረጅም ነበር፤ ጉልበትና ምግብ ለመቆጠብ በቀን እስከ 22 ሰዓት ድረስ የሚተኙበት ጊዜ ነበር።

እህሉ ላይ ሲደርሱ ስሌቱን ለተማሪዎቹ ይተዉላቸው። በመጀመሪያ ወደ ቤት ሄደው እናቶቻቸውን ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ስንት ዱቄት እንደሚበቃ ጠይቀው ይምጡ። ግማሽ ኪሎ ነው ቢባል 38 ሰው በቀን 19 ኪሎ ይፈልጋል፤ በ344 ቀን 6,536 ኪሎ፣ ከ65 ኩንታል በላይ ይሆናል። ይህ የክፍላችን ስሌት እንጂ የዋሻው መዝገብ አይደለም፤ እነሱ ከዚህ እጅግ ባነሰ እንደኖሩና እንደተራቡ መናገር ያስፈልጋል። ነገር ግን ስሌቱ አንድ ነገር ያሳያል። ይህን ሁሉ ሸክም፣ ወይም ግማሹን እንኳ፣ ሌሊት በጀርባ ተሸክሞ፣ ኮቴ ሳይተው፣ ሰው ሳያይ፣ በደረት በሚታለፍ ቀዳዳ ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ከሐራ ወይም ከኩታበር ገበያ አንድ ጆንያ እህል ተሸክሞ የሚያውቅ ልጅ ከእኔ ይልቅ ለጓደኞቹ ሊያስረዳ ይችላል፤ ያስረዳም።

የድንጋይ ወፍጮ ካመጡ የሚያሳዩት እዚህ ላይ ነው። በዋሻው ውስጥ እህል የሚፈጩበት የወፍጮ ድንጋይ ነበራቸው፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ የዋሻ አሳሽ ወደ ኦዜርና በገባ ጊዜ ድንጋዩን፣ የተካበ ግድግዳ፣ ያረጁ ጫማዎችና የልብስ ቁልፎችን አግኝቷል። የተረፉት ሰዎች ቃል ከነዚህ ዕቃዎች ጋር ተመሳክሮ ነው ታሪኩ የቆመው። ተማሪው «ይህ ሁሉ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ ይህ ነው፤ ካልጠየቀም እርስዎ ራስዎ ጠይቀው ይመልሱ።

ከዚህ ክፍለ ጊዜ በኋላ «እንግዲያው ዋሻ ያድናል» የሚል ሐሳብ ይዞ የሚሄድ ተማሪ እንዳይኖር ይጠንቀቁ። ከወሎ ብዙ በማይርቀው በመንዝ፣ ዘረት በተባለው ስፍራ፣ በ1939 እ.ኤ.አ. በዋሻ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በኢጣሊያ ጦር በመርዝ ጋዝ ተፈጅተዋል። ኦዜርናም ቢሆን መቃብር ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው፤ ከገቡ ከጥቂት ወራት በኋላ የአካባቢው ሰዎች የጉድጓዱን አፍ በአፈርና በድንጋይ ደፈኑባቸው፣ ከውስጥ ያሉትም በእጃቸው ቆፍረው ሌላ መውጫ እስኪያገኙ ድረስ በሕይወት ተቀብረው ነበር።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፦ ውጭ የቀሩት ሰዎች

ሰሌዳውን በሁለት ይክፈሉት፤ በአንዱ ወገን የተደበቁት ያደረጉትን፣ በሌላው ወገን ውጭ ያሉት ሰዎች ያደረጉላቸውን ተማሪዎቹ እየወጡ ይጻፉ። በአምስተርዳም የተደበቁት ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ ከፍራንክ ቤተሰብ ሌላ የአንድ ሌላ ቤተሰብ ሦስት ሰዎችና አንድ የጥርስ ሐኪም። መግቢያቸው በሚንቀሳቀስ የመጻሕፍት መደርደሪያ ተሸፍኖ ነበር። ታች በመጋዘኑ የሚሠሩት ሰዎች ስለማያውቁ ቀን ቀን ጫማ አውልቆ፣ በሹክሹክታ፣ የመጸዳጃ ቤት ውኃ ሳያፈስሱ መዋል ግድ ነበር። ይህን ያደረጉት እነሱ ናቸው። ነገር ግን የምግብ ራሽን ካርድ በሌላቸው ሰዎች ስም እህልና አትክልት ያገኘ፣ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ያመጣ፣ ወሬ ያቀበለ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ሳይቋረጥ ያስኬደ ሌላ ሰው ነው፤ ሚፕ ጊስና ባለቤቷ ያን፣ ቤፕ ፎስካይል፣ ዮሐንስ ክላይማንና ቪክቶር ኩግለር። ተራ የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። ከሁለት ዓመት በላይ በየቀኑ ማለዳ ወደ ሥራ እንደሚሄዱ ሆነው ስምንት ነፍስ ይዘው ገቡ፣ ወጡ።

በዩክሬን በኩል ደግሞ ለስተርመር ቤተሰብ የጉድጓዱን ነገር የጠቆማቸውና ከጎናቸው ያልተለየ አንድ የደን ጠባቂ ወዳጅ ነበራቸው። በዚያ የናዚ ግዛት አይሁዳዊን ያስጠለለ ሰው ቅጣቱ ሞት ነበር፤ ብዙ ጊዜም ቅጣቱ ለቤተሰቡ ይተርፋል። ይህን ለተማሪዎቹ ሲነግሩ አፋቸው ላይ የሚመጣው «እኔ ብሆን እደብቃቸው ነበር» የሚል መልስ ነው። ይቀበሉት፤ ከዚያም የራሱ ታናሽ ወንድምና እናት አብረው እንደሚገደሉ እያወቀ እንዲመልስ በዝግታ ይጠይቁት። በዚህ ጥያቄ ላይ ድምፅ አያስቆጥሩ፣ እጅም አያስወጡ። ወረቀቱ ላይ ለራሱ ጽፎ አጥፎ ኪሱ ይክተተው።

የወሎን ተማሪ በተለይ የሚነካው የአልባንያ ታሪክ ነው። የሙስሊሙ ቁጥር በሚበዛበት፣ ክርስቲያኑም አብሮት በሚኖርበት በዚህ ትንሽ ሀገር አይሁድ ስደተኞች በየመንደሩ በሙስሊምና በክርስቲያን ቤቶች ተደበቁ፤ ከጦርነቱ በኋላ በሀገሩ የነበሩት አይሁድ ከጦርነቱ በፊት ከነበሩት ይበልጡ ነበር። አልባኖች ይህን ያደረጉት «ቤሳ» በሚሉት ቃል ኪዳን ነው። ቃሉ እኛ ከምናውቀው ከሳንቲሙ ቤሳ ጋር አይዛመድም፤ ትርጉሙ የሰጡትን ቃል መጠበቅ ነው፤ ቤቴ የገባ እንግዳም በእኔ ኃላፊነት ነው የሚል ነው። «የኛስ ቃል የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። አንዱ አደራ፣ ሌላው አማና፣ ሌላው ጥግ ሲል ይሰማሉ። ሙስሊም ተማሪዎች ነጃሺ የነቢዩ ተከታዮችን አሳልፌ አልሰጥም ያለበትን ታሪክ ሳያነሱ አያልፉም፤ ለክርስቲያን ጓደኞቻቸው እነሱው ይተርኩላቸው።

አዛውንቶችን ጋብዞ ስለ አካባቢው ማናገር የሚፈልግ መምህር እዚህ ላይ ሊያደርገው ይችላል። ጋሼ፣ እትዬ፣ ሼሁ፣ መሪጌታው ስለ ጠላት ዘመን ከአባቶቻቸው የሰሙትን ቢያወሩ እጅግ ይጠቅማል። ስለ ቅርቡ ጦርነት ግን ማን ማንን ደበቀ፣ ማን ጠቆመ የሚል ጥያቄ በክፍል ውስጥ እንዳይነሳ ያድርጉ። የተደበቀውም የደበቀውም የጠቆመውም ዛሬ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ በተማሪ ደብተር ላይ የተጻፈ ስም ነገ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም። በወሎ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና ሌላውም በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለሚማሩ፣ የትኛውንም ጎረቤት ሕዝብ በናዚ ቦታ የሚያስቀምጥ ንጽጽር ከተማሪ አፍ ከወጣ ያን ጊዜውኑ ያስቁሙት፤ ጥፋት የሚሠሩት ትእዛዝ የሰጡና የፈጸሙ ሰዎች እንጂ ሕዝብ እንዳልሆነ ይንገሩ።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ፦ መጨረሻው

የአምስተርዳሙን መጨረሻ አስቀድመው በአጭሩ ይንገሩ። ኦገስት 4 ቀን 1944 ፖሊስ ገባ፤ ስምንቱም ተያዙ፣ ክላይማንና ኩግለርም ታሰሩ። ከስምንቱ የተረፈው ኦቶ ፍራንክ ብቻ ነው። ኢዲት በአውሽቪትስ፣ ማርጎትና አን በ1945 መጀመሪያ በበርገን ቤልሰን፣ በናዚ የማጎሪያ ካምፖች ሞቱ። አን በመደበቂያው የጻፈችው ማስታወሻ ከወረቀቱ ክምር መካከል በሚፕና በቤፕ እጅ ተርፎ በ1947 ታተመ።

ተማሪው ወዲያውኑ ሁለቱን ቤተሰቦች ያነጻጽራል፤ እነዚያ ጎበዞች ስለሆኑ ዳኑ፣ እነዚህ ስላልተጠነቀቁ ሞቱ ይላል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ አጥብቄ የምቃወመው ይህን ድምዳሜ ነው። በፍራንክ ቤት የጎደለ ጥንቃቄ አልነበረም፤ በኦዜርና ያሉት ደግሞ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በጌስታፖ አንዴ በተደፈነው አፍ፣ ሊያልቁ ነበር። ሆላንድ ሜዳ ናት፤ ለመደበቅ የሚመች ዋሻና ሰፊ ጫካ ብዙም የላትም፣ ነፃ የወጣችውም ዘግይታ ነው፤ በምዕራብ ዩክሬን ግን የሶቭየት ጦር በ1944 ጸደይ ደረሰ። ተማሪዎቹ ይህን ራሳቸው ከካርታውና ከቀኖቹ እንዲያወጡት ያድርጉ። ለሰው ልጅ መዳን ብልሃት ያስፈልገዋል፤ የሞተውን ግን ብልሃት አነሰው ብሎ መክሰስ ሁለተኛ በደል ነው።

የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ከክፍል ውጭ ያድርጓቸው። እኛ ዘንድ በግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ተማሪዎቹን ጠዋት ፀሐዩ ሲሞቅ ከጥላው ውጭ አስቀምጣቸዋለሁ። የዋሻውን መጨረሻ የምነግራቸው በዚያ ነው። በኤፕሪል 1944 የደን ጠባቂው ወዳጃቸው ጀርመኖች መሄዳቸውን በወረቀት ጽፎ በጠርሙስ አድርጎ ወደ ጉድጓዱ ጣለው። መልእክቱን ካገኙ በኋላም ወዲያው አልወጡም፤ ቆይተው፣ አጣርተው፣ ኤፕሪል 12 ቀን፣ ማለትም ሚያዝያ 4 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ ጭቃ ለብሰው፣ ልብሳቸው ተበጣጥሶ፣ አንድ በአንድ ከጉድጓዱ ወጡ። ከእነሱ መካከል አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረች፤ መሬት ሥር ብዙ ከመቆየቷ የተነሳ ፀሐይ ምን እንደሆነች ረስታ ነበርና ዓይኗን ሸፍና ያን ደማቅ መብራት እንዲያጠፉላት እናቷን ለመነች።

ይህን ከተናገሩ በኋላ ጥያቄ አይጠይቁ፣ የቤት ሥራም አይስጡ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ አብረዋቸው ፀሐዩ ላይ ይቀመጡ።